ስሙን ማን አወጣለት?

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ በእንጨትና በናስ ላይ ስም እየቀረጸ ከሥሩ የስሙን ትርጉም የሚጽፍ አንድ ትንሽ ሱቅ አለ። ባለፉት ስምንት ወራት ሦስት ጊዜ ሥራ ሰጥቼው በሁለቱ እጅግ ረክቻለሁ፤ በአንዱ ግን ከልቤ አዝኛለሁ። ቅሬታም ያለበት አስተያየት ስለሆነ የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ ከዚራን የሚያውቅ ሰው የዛፎቹን ጥላ ተከትሎ አንድ ሁለት ሰው ቢጠይቅ አያጣውም። የምጽፈውም ለልጁ፣ ለወላጁ ወይም ለቤት እንስሳው የስም ሰሌዳ ለማሠራት የሚያስብ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ምን ሊጠየቅ እንደሚገባው እንዲያውቅ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ለልጅ ልጄ ነበር። ስሙ አብዲ ይባላል። ባለሱቁ ዕድሜው ሠላሳን ብዙም ያልዘለለ ወጣት ሲሆን፣ ስሙን ስነግረው ወደ ማሽኑ ከመሄድ ይልቅ ከጠረጴዛው መሳቢያ አንድ ባለመስመር ደብተር አወጣ። ገጹ በእርሳስ መስመር በአራት ተከፍሏል፤ ከላይ «ስም»፣ «ማን አወጣው»፣ «በምን ቋንቋ»፣ «ለምን» የሚሉ ቃላት በጥንቃቄ ተጽፈዋል። ከዚያም ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ አብዲ የትኛው አብዲ ነው?» አለኝ።

ጥያቄው ለአፍታ ግር ቢለኝም ልክ ነበር። በአፋን ኦሮሞ አብዲ ማለት ተስፋ ነው። በዐረብኛ ግን «ዐብድ» አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ሲሆን፣ አብዱላሂ የአላህ አገልጋይ፣ አብዱረህማን ደግሞ የአዛኙ አገልጋይ እንደ ማለት ነው፤ እነዚህ ረጃጅም ስሞች በድሬዳዋ ሰፈሮች በጓደኛ አንደበት እየተቆረጡ አብዲ ይሆናሉ። ሶማሌዎችም አብዲን ራሱን የቻለ ሙሉ ስም አድርገው ያወጡታል። ስለዚህ በአንድ የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ሁለት አብዲዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ የአንደኛው ስም በትርጉሙ ከተስፋዬ ጋር ይዛመዳል፣ የሌላኛው ግን ከገብረ እግዚአብሔር ጋር። ገብረ እግዚአብሔርና አብዱላሂ ቃል በቃል ሲተረጎሙ አንድ ዓይነት ስሞች መሆናቸውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ እኔም ዐርባ ዓመት ስም እየጠራሁ ሳስተምር ኖሬ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ለልጄ እዚያው ቆሜ ስልክ ደወልኩላት። ስሙን ያወጡት የባሏ እናት መሆናቸውን፣ ያወጡትም በአፋን ኦሮሞ መሆኑን፣ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ የመጣ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነ እንደሆነ ነገረችኝ። ወጣቱ አራቱንም ቦታ ሞልቶ ሲያበቃ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ከአምስት ቀን በኋላ የተረከብኩት የዋንዛ ሰሌዳም «አብዲ፤ ተስፋ። አያቱ በአፋን ኦሮሞ ያወጡለት።» ይላል። ፊደሉ ጥልቅ፣ ጠርዙ የለሰለሰ፣ ቅባቱ እጅ የማያቆሽሽ ነው። የከፈልኩት 1,200 ብር ሲሆን ለዚህ ሥራ አልበዛብኝም።

ይህን ያህል ስለ አንድ ጥያቄ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። የአማርኛ ስም ብዙውን ጊዜ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ዐረፍተ ነገር ከሆነ ደግሞ ተናጋሪ አለው። ዓለማየሁ ሲባል ዓለምን ያየው ልጁ ሳይሆን ስሙን ያወጣለት ወላጅ ነው። ስንታየሁ የወላጅ ትንፋሽ ነው፤ ማንጠግቦሽ እናት ሕፃኗን ታቅፋ የምትለው ቃል ነው፤ ብዙነሽና ወርቅነሽም ልጅቱን ፊት ለፊት እያዩ የተነገሩ ናቸው። ትርጉሙን ከመዝገበ ቃላት ብቻ የሚያወጣ ሰው የቃሉን ፍቺ ያገኛል፤ የተናጋሪውን ድምፅ ግን አያገኝም። በተለይም ምትኩን፣ ተካልኝን፣ ማስረሻንና ካሳን የመሳሰሉ ስሞች እንዲህ ናቸው። ምትኩን «ተተኪ» ብሎ በወርቅ ቀለም መጻፍ ይቻላል፤ የተተካው ማን እንደሆነ ግን ቤተሰቡን ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም።

የእኔም ስም ካሳ ነው። ከእኔ በፊት ሁለት ወንድሞቼ በሕፃንነታቸው ሞተዋል፤ እናቴ ስማቸውን ስትጠራ የሰማኋት በሕይወቷ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ወጣቱ የእኔን ስም ለደረሰኝ ሲጽፍ እጁን ገታ አድርጎ ዐየኝና፣ «ከእርስዎ በፊት ነበሩ እንዴ?» ብሎ በለሆሳስ ጠየቀኝ። ዐዎን አልኩት። ሌላ አልጨመረም፤ ስሜን ጽፎ ደረሰኙን በሁለት እጁ ሰጠኝ። አንድ ነጋዴ ስለ ስም ማወቅ የሚገባውን ነገር እንደሚያውቅ ያረጋገጥኩት በዚያች ቅጽበት ነው።

የሱቁ ግድግዳ ለናሙና በተሰቀሉ ሰሌዳዎች የተሞላ ስለሆነ ወረፋ መጠበቅ አይሰለችም። ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት የዕፀዋት ስሞች የተደረደሩበትን ነው። በአማርኛ በቀለ የምንለው በአፋን ኦሮሞ ቢቂላ ከሚለው ጋር አንድ ሐሳብ ነው፤ ሁለቱም ከአፈር ብቅ ያለን ቡቃያ ያነሣሉ። አበበ ደግሞ አበባ አወጣ ማለት ሲሆን፣ ደራርቱ ከአፋን ኦሮሞው «ዳራሩ»፣ ማበብ፣ የመጣ ነው። እንግዲህ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፣ የአባቱ ስም ቡቃያ፣ የእርሱ ስም አበባ ነበር ማለት ነው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ ስሟ ከአባቷ ስም ጋር ሲነበብ፣ ቱሉ ኮረብታ ነውና፣ ኮረብታ ላይ ያበበች አበባ ሆና ትታየኛለች። ይህን ያሰናዳው ሰው ስሞቹን በፊደል ተራ ሳይሆን በሐሳብ ዝምድና ማስቀመጡ የሚያስመሰግነው ነው።

የውጭ ምንጭ ያላቸው ስሞች ሰሌዳ አጭር ቢሆንም ስሕተት አላገኘሁበትም። ሚካኤል በዕብራይስጥ «እንደ አምላክ ያለ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ጊዮርጊስ በግሪክኛ ምድርን የሚያርስ፣ ገበሬ ነው፤ ሶፊያ ጥበብ ናት፤ ፋጡማ በዐረብኛ ጡት ከመጣል ጋር የተያያዘ ስም ነው፤ አልማዝም ከዐረብኛ ወደ እኛ ይምጣ እንጂ ከዚያ በፊት ግሪክኛ ነበረ።

በፈረስ ስሞች ሰሌዳ ላይ ግን ስሕተት ነበረበት፤ ይህ ደግሞ ለእኛ ለምሥራቆቹ ቀላል ነገር አይደለም። የቀድሞ መኳንንትና ነገሥታት በጦር ፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደነበር ይታወቃል፤ በዚህ አጠራር «አባ» የሚለው ቃል ባለቤት፣ ጌታ እንደ ማለት ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ልጅ ኢያሱ አባ ጤና፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለዋል። ሰሌዳው ግን አባ ዳኘውን ለራስ መኮንን ሰጥቶት አገኘሁ። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረርን ያስተዳደሩት ራስ መኮንን አባ ቃኘው ናቸው። የዚህ ፈረስ ስም ከባለቤቱ ዕድሜ አልፎ ሄዷል፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው ሻለቃ የተባለው በእርሱ ነው። አንድ ሐረር ላይ የተቀለበ ፈረስ፣ ስሙ ባሕር ተሻግሮ በወታደሮች ትከሻ ላይ እስከ መታተም ደረሰ ማለት ነው። ከሐረር ብዙም በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. የተወለደው የራስ መኮንን ልጅም በልጅነቱ ተፈሪ፣ ማለትም የተፈራ፣ የተከበረ፣ ሲባል ኖሮ፣ ዘውድ ሲጭን በክርስትና ስሙ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ ነገሠ። አንድ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስምና የፈረስ ስም ይዞ ሲኖር ሦስቱም ለየቅል ቦታ ይጠሩ እንደነበር ለወጣቱ አጫወትኩት። ሰሌዳውን ወዲያውኑ ከግድግዳ አወረደው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስመለስ ተስተካክሎ ተሰቅሎ ነበር።

ስለ ፊደል አጠቃቀሙም አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። ብዙ የኅትመት ቤቶች «ሀይለስላሴ» ብለው ሲጽፉ አይከብዳቸውም። በዚህ ሱቅ ኃይለ በብዙኃኑ ኃ፣ ሥላሴ በንጉሡ ሠ፣ ዓለማየሁ በዐይኑ ዐ መጻፋቸውን አይቻለሁ። በግእዝ ሰአለ ለመነ፣ ሠዐለ ደግሞ ሥዕል ሣለ ማለት ስለሆነ፣ ትርጉም እጽፋለሁ የሚል ቤት በፊደል ሊቀልድ አይችልም።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ሁለተኛው ሥራ ሳቢያን ለሚኖሩ ሶማሌ ጎረቤቶቻችን የቀድሞ ወዳጅነታችንን አስቤ ያዘዝኩት ስጦታ ነበር። ወንድ ልጅ ተወልዶላቸው ሮብሌ ብለውታል፤ በሰባተኛው ቀን አቂቃው፣ ማለትም ሙስሊሞች ልጅ ሲወለድ ለምስጋና የሚያርዱት፣ ስለሚታረድለት ሰሌዳው ለዚያ ቀን እንዲደርስ ፈለግሁ። ባለሱቁ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ስለነበር ትእዛዙን በቴሌግራም የተቀበለኝ ሠራተኛው ነው። ስሙን ጠየቀኝ፤ መጠኑን ጠየቀኝ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። እኔም ሊጠይቀኝ ይገባ እንደነበር እያወቅሁ ዝም አልኩ፤ ይህ የእኔ ድርሻ ነው።

በስድስተኛው ቀን ምሽት ዕቃውን ከባጃጅ ላይ ተቀብዬ መጠቅለያውን ስፈታ «ሮብሌ፤ ረቡዕ ቀን የተወለደ» የሚል አነበብኩ። ከዚህም ሌላ ከሥሩ «የቤተሰብ ስም» የሚል ባዶ መስመር ተቀርጾበታል። የእኛ አገር ሰው፣ አማራም ሆነ ኦሮሞ፣ ሶማሌም ሆነ ሐረሪ፣ ከራሱ ስም ቀጥሎ የአባቱን፣ ከዚያም የአያቱን ስም ይጠራል እንጂ ከትውልድ ትውልድ የሚወራረስ የቤተሰብ ስም የለውም። መስመሩ ከውጭ ከተወሰደ ንድፍ ሳይታይ የተገለበጠ መሆኑ ግልጽ ነበር።

የመጀመሪያው ስሕተት ግን የበለጠ ያመኛል። ሠራተኛው ሮብሌን በአማርኛ ጆሮ ሰምቶ ሮብ ብሎ ተረጎመው። በሶማሊኛ «ሮብ» ዝናብ ነው፤ ሮብሌ ዝናብ ያለው፣ ከዝናብ ጋር የመጣ ማለት ነው። በአፋን ኦሮሞም ዝናብ «ሮባ» ስለሆነ ሮባ የሚባል ኦሮሞና ሮብሌ የሚባል ሶማሌ፣ ዘነበ ከሚባል አማራ ጋር ሦስቱም አንድ ደመና የጠራቸው ናቸው። ድሬዳዋን ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ የቃል ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። እዚህ ግን ዝናብ ሲዘገይ ሰው ወደ ተራራው አንጋጦ ይጠብቃል፤ ሲበዛ ደግሞ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን እንደ ወሰደ ያስታውሳል። ይህን ሁሉ አውቆ ልጁን በዝናብ የሚጠራ አባት ቃሉን መዝኖ ነው ያወጣው። የልጁ አባት በኋላ እንደ ነገረኝ፣ ሕፃኑ የተወለደው በገጠር ያሉት ዘመዶቻቸው ለከብቶቻቸው ውኃ ባጡበት ወቅት፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ነው። እንዲህ ያለውን ስም ወደ ሳምንት ቀን ማውረድ የቤተሰቡን ምስጋና መሰረዝ ነው።

ሰሌዳውን ይዤ ወደ አቂቃው አልሄድኩም። ባዶ እጄን ላለመግባት ስኳርና ቡና ገዝቼ ሄድኩ፤ ቀኑን ሙሉም ሥጋው አልጣፈጠኝም። ባለሱቁ ከመንገድ ሲመለስ አስረዳሁት፤ አልተከራከረኝም፣ ሠራተኛውንም በፊቴ አላዋረደውም። ደብተሩን አምጥቶ አራቱን ጥያቄዎች ሠራተኛው ራሱ እንዲጠይቀኝ አደረገና በሦስተኛው ቀን አዲስ ሰሌዳ ያለ ክፍያ ሰጠኝ። የማመላለሻውን የባጃጅ ሒሳብ ግን እኔው ከፍያለሁ፤ ሊከፍልልኝ ይገባ ነበር እላለሁ። ከሁሉም በላይ ያለፈውን ቀን መመለስ አይቻልም፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ሙሉ ምስጋና ልሰጠው አልችልም። በቴሌግራም የሚያዝ ሰው አራቱን መልሶች ሳይጠየቅ ራሱ ጽፎ ይላክ፤ ከመቀረጹም በፊት ጽሑፉን በፎቶ እንዲያሳዩት ይጠይቅ።

ሦስተኛው ሥራ ለውሻችን ነበር። ጃክ ይባላል፤ በአንገቱ ማሰሪያ ላይ የሚንጠለጠል፣ የሳንቲም ያህል ክብ ናስ ነው ያሠራሁለት፤ 250 ብር ከፈልኩ። እዚህ ላይም የሱቁ ባለቤት ያልጠበቅሁትን ነገር አስተማረኝ። ጃክ በእንግሊዞች ዘንድ ጆን ከሚለው ስም በቁልምጫ የወጣ ነው፤ ጆን ደግሞ የእኛው ዮሐንስ ነው፣ በዕብራይስጥ የእግዚአብሔርን ጸጋ የሚያነሣ ስም። ሙስሊሞች ይህንኑ ስም ያሕያ ይሉታል። ፈረንሳዮች ዣን፣ ጣሊያኖች ጆቫኒ፣ ግሪኮች ያኒስ፣ አርመኖች ሆቫኔስ ይላሉ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደርሶ ይህች ከተማ ገና «አዲስ ሐረር» ስትባል ከነበረችበት ጊዜ አንሥቶ እነዚህ ሁሉ ሕዝቦች እዚህ ሠርተዋል፣ ነግደዋል፣ ልጅ አሳድገዋል፤ ስለዚህ በከዚራ አንድ መንገድ ላይ ሁሉም ዮሐንሶች ሰላም እየተባባሉ ሊተላለፉ ይችሉ ነበር። የሚተዋወቁት ግን በስማቸው ዝምድና አልነበረም።

በእኛ ዘንድ ለውሻ የሰው ስም፣ ይልቁንም የቅዱሳንና የነቢያት ስም፣ ማውጣት ነውር ነው። ለዚህ ይመስለኛል ጃክ፣ ቦቢና ሬክስ በየግቢው የበዙት፤ እንግዳ ቃል ስለሆኑ ማንንም አይነኩም። ሬክስ በላቲን ንጉሥ ማለት ነው፤ ቦቢም የሮበርት ቁልምጫ ነው። አባቴ የክርስትና ስሙ ገብረ ዮሐንስ ስለነበር ነገሩን ስሰማ ትንሽ ደንገጥ ማለቴ አልቀረም። ወጣቱ ይህን ዐይቶ፣ «ጋሼ፣ ትርጉሙን ናሱ ላይ አንጽፈውም፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ስሙና የእርስዎ ስልክ ነው» አለኝ፤ እንደዚያው ተደረገ። ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነው። ትርጉም መጻፍ የሚሸጥ ሰው ትርጉም የማይጻፍበትን ቦታ ሲለይ ማየት ደስ ይላል።

ለከብትና ለድመት ስም የሚያሠራ ሰው እንደማይበዛ ባለሱቁ ነግሮኛል። ቢሆንም የበሬና የፈረስ መልክ ስሞች፣ ጉራቻ፣ ዳለቻ፣ ቦቃ፣ ቡሬ፣ ከአፋን ኦሮሞ ገብተው በአማርኛ ገበሬ አንደበት የኖሩ ስለሆኑ አንድ የናሙና ሰሌዳ ይገባቸዋል፤ ሐሳቡን አቅርቤለታለሁ፣ ተቀብሎኛልም። ቤታችን ያለችው ድመት ውሮ ስለምትባል ሰሌዳ አያስፈልጋትም፤ በድሬዳዋ ውሮ ሲባል ቀና የማትል ድመት የለችም።

መሄድ ለሚፈልግ ሰው፣ ሱቁ በቀትሩ ሙቀት እንደ አብዛኛው የከተማው ሱቅ ይዘጋል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ወይም ከዐሥር ሰዓት በኋላ መድረስ ይሻላል። ግማሹ ክፍያ በቅድሚያ ይሰጣል፤ ደረሰኝ ይቆረጣል። የዋንዛውን እንጂ የተጣበቀውን ጣውላ አልመክርም፤ በእኛ ሙቀት ጠርዙ ሲነሣ ናሙናው ላይ ራሱ ይታያል። የዛሬ ሳምንት የእናቴን ስም ይዤ እመለሳለሁ፤ ዘነበች ነው ስሟ፤ ስሙን ማን እንዳወጣላት ለማወቅ በሕይወት ያሉትን አንዲት አክስቴን ሐረር ድረስ ሄጄ መጠየቅ አለብኝ።